ቤት የሌላት ሴት ቅሬ

መካነ ሰላም ውስጥ «መንግሥት ቤት ሰጣት» እያሉ የሚያወሩ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ። ከእነሱ አንዳንዶቹ መንገድ ላይ ጉልበቴን ሊስሙ ጎንበስ ይላሉ። መንግሥት ቤት አልሰጠኝም። የሰጠኝ ወደ ዓባይ በሚወርደው መንገድ ዳር ድንጋይ የበዛበት ባዶ ቦታ ነው፤ እሱንም በቤት ሥራ ማህበር ተደራጅቼ፣ ከመምህርነት ደመወዜ እየቀነስኩ በዝግ ሂሳብ አስቀምጬ፣ ተራዬን ስጠብቅ ፀጉሬ ነጥቶ ነው። ቤቱን የሠራሁት እኔ ነኝ። ቦታውን እንዴት እንዳገኘሁት ግን ከተማው ግማሹን ብቻ ነው የሚያወራው፤ ቀሪውን እኔ ልጻፈው።

የምጽፈው ልስኑ ገና ባልደረቀ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ነው። ሁለት መስመር እጽፍና እነሳለሁ። በሩን ገፋ አድርጌ አያለሁ። ኪሴን እዳብሳለሁ፣ ቁልፉ አለ። ተመልሼ እቀመጣለሁ። አንድ ጊዜ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቁልፌ የገዛ በሬን አልከፍት ብሎኛልና ከዚያ ወዲህ እጄ አያርፍም።

ያገባሁት በልጅነቴ ነው። ባሌ ከገበያው በላይ ባለው የአባቱ ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ነበረችው። እሱ የጤና ጣቢያ ጥበቃ ነበር፤ ሌሊት ያድራል፣ ቀን ይተኛል። ከማስተማር ስመለስ ጭቃ የምረግጠው፣ ጭድ የምቀላቅለው፣ ለግንበኛ ድንጋይ የማቀብለው እኔ ነበርኩ። አንዷ ክፍል ጓዳ ወለደች፣ ጓዳዋ የኋላ ክፍሎችን ወለደች፤ ግቢው ባለ ብዙ በር ሆነ። እኛ ልጅ አልወለድንም። ስለሱ የምጽፈው የለኝም።

ባሌ ሞተ። የአርባው ድንኳን ገና ተጠቅልሎ ሳይመለስ እህቱ መጣች። የባሌ ታናሽ ናት፤ ገበያ ውስጥ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አላት፣ ከባሏ ጋር ሌላ ሰፈር ነው የምትኖረው። በሙሽርነት እዚያ ግቢ ከገባሁ ጀምሮ አንቱ ነበር የምትለኝ። ያን ቀንም አልቀነሰችብኝም።

«እታለም፣ መቼም ያውቁታል፤ ግቢው የአባታችን ነው። ወንድሜ ኖረበት እንጂ የሱ አይደለም። እርስዎ ደግሞ ደመወዝተኛ ነዎት፤ የትም ይኖራሉ።»

እንዳልሰማሁ መስዬ የለቅሶ ሰሃኖችን ማጠቤን ቀጠልኩ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ነው ቁልፌ አልከፍት ያለኝ። ዕቃዬ በረንዳ ላይ ተደርድሮ ነበር፤ አንዱም አልተሰበረም፣ በጥንቃቄ ነው ያወጡት። ቤቱን አከራየችው። ለምን እንዳልከሰስኩ የሚጠይቁኝ አሉ። የግቢው ካርታ በአባትየው ስም ነበር፤ ሌላም ምክንያት አለኝ፤ እሱን ለራሴ አቆየዋለሁ።

ከዚያ ኑሮዬ በሰው ግቢ ሆነ። መብራቱን መቼ እንደማጠፋ፣ ልብስ በየትኛው ገመድ እንደማሰጣ፣ እንግዳ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚቀመጥ የሚነግሩኝ ሰዎች ነበሩኝ። አንዷ አከራይ ውሃ ስቀዳ በመስኮት ትቆጥርብኝ ነበር። የተማሪዎቼን ደብተር ይዤ ከአንዱ ሰርቪስ ወደ ሌላው ስዞር እርጅና ደረሰብኝ። ለዚህ ነው ማህበሩ ሲቋቋም መጀመሪያ ከተመዘገቡት አንዷ የሆንኩት። ሌላ ምንም አልፈለግሁም። በስሜ የሆነ፣ ማንም ቁልፉን የማይቀይርብኝ በር ፈለግሁ።

የማህበሩ ሰዎች አስተማሪዎች፣ የፍርድ ቤት ጸሐፊዎች፣ የግብርና ሠራተኞች ነበርን፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ተደባልቆ። ከሁሉም ወሬኛዋ አዋላጅ ነርሷ ነበረች። ስብሰባ በኖረ ቁጥር አጠገቤ ትቀመጣለች።

«እትዬ፣ ስለቴ ምን እንደሆነ ልንገርዎት? እጣው ከእርስዎ ጎን እንዲያደርሰኝ ነው።»

«ለምን?»

«ዶሮዬ ጎመንዎን እየበላች እንድንጣላ። ያለ ጠብ ምን ጎረቤት አለ!»

ጠብ እንደማይጠፋብኝ አታውቅም ነበር።

ሕጉ ግልጽ ነው፤ ቦታ የሚሰጠው በከተማው ውስጥ በራሱም በትዳር ጓደኛውም ስም ቤት ለሌለው ነው። ስለዚህ ቦታው ከመሰጠቱ በፊት የአባላቱ ስም በቀበሌው ሕዝብ ፊት ይነበባል፤ «ይሄ ሰው ቤት አለው» የሚል ካለ ይነሳል። ይህን ስሰማ አልፈራሁም። ቤት እንደሌለኝ ከከተማው አከራዮች ግማሾቹ ምስክሮቼ ናቸው ብዬ ነበር። የረሳሁት ቅሬዬን ነው።

እዚህ አገር ሰው ሲሞት መቃብር የሚቆፍረው፣ ድንኳን የሚተክለው፣ ለለቅሶኛ እህል ውሃ የሚያቀርበው ቅሬው ነው። በእኛ ሰፈር ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አንድ ቅሬ ነው ያለው፤ ዳኛውም አንድ ሐጂ ናቸው። አባልነቱ ደግሞ በሰው አይቆጠርም፣ በቤት ነው። ከቀብር በኋላ ሐጂ ቤቶቹን አንድ በአንድ ይጠራሉ፣ ከየቤቱ የመጣው ሰው «አለን» ይላል። የእኛ ቤት የሚጠራው በባሌ ስም ነበር። ሲሞትም ስሙ አልተነሳም፤ «አለን» የምለው እኔ ሆንኩ። ከቤቱ ከወጣሁ በኋላም እዚያው ቀረሁ። ከሌላ ሰፈር እየመጣሁ እንጀራ ተሸክሜ ለቅሶ ቤት እገባለሁ፣ በባሌ ቤት ስም እመልሳለሁ። ተከራይ ሰው የትኛው ቅሬ ያስገባዋል? ዛሬ እዚህ ነው፣ ነገ የለም። ሬሳዬን እንግዳ ሰው እንዲያወጣው አልፈለግሁም። ደግሞም ከዚያ ሁሉ ጓዳና ክፍል በእጄ የቀረችው ያቺ «አለን» ብቻ ነበረች። የባሌ እህት ይህን ታውቃለች። ይተዉ አላለችኝም። እኔ ባልሸከም ኖሮ ሸክሙ በእሷ ላይ ነበር የሚወድቀው።

ስብሰባው የተደረገው እኔ በማስተምርበት ትምህርት ቤት አዳራሽ ነው። ሰብሳቢው የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ ነው፤ ፊደል ያስቆጠርኩት ልጅ ነው፣ አሁን ሆድ አውጥቷል። ስም ያነባል፣ ቀና ብሎ «ቤት አለው የሚል?» ይላል። ሕዝቡ ይቀልዳል። የአዋላጇ ስም ሲነበብ ከኋላ አንዱ «ቤት ቢኖራት በምሳ ሰዓት እኛ ቤት ምን ያመጣት ነበር!» ብሎ አዳራሹን አሳቀው። እሷም ሳቀች። ከዚያ የእኔ ስም ተነበበ።

«አላት» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

መዞር አላስፈለገኝም፤ ድምፁን አውቀዋለሁ። የባሌ እህት ነጠላዋን እያስተካከለች ተነስታ ቆማለች።

«ምን አላቸው?» አለ ሰብሳቢው።

«ቤት ነዋ! የወንድሜ ቤት የማን ሆነና? የሷ ነው። ስንት ዘመን የኖረችበት ነው። ጓዳውን በለው፣ የኋላ ክፍሎቹን በለው፣ ጭቃውን ረግጣ፣ ድንጋዩን ተሸክማ በእጇ የሠራችው ቤት ነው። አሁን ቤት የለኝም ብላ የድሃ ቦታ ልትወስድ!»

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። በመጀመሪያ ያስተዋልኩት «እሷ» ማለቷን ነው። ቀጥሎ የገባኝ የተናገረችው ነገር ነው። ከባሌ ሞት ጀምሮ ከዚህች ሴት አፍ ልሰማው የፈለግሁት ይኸው ነበር፤ በእጇ ሠርታዋለች፣ የሷ ነው። ይህን ያለችው ግን ሌላውን ልታሳጣኝ ነው። በማህበሩ ተጠባባቂ ከሆኑት የመጀመሪያው ልጇ እንደሆነ አዳራሹ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። አንድ ሰው ከወደቀ እሱ ይገባል።

«ቲቸር፣ እውነት ነው?» አለኝ ሰብሳቢው።

«ቁልፉን የቀየረችብኝ እሷ ናት» አልኩ።

«ውሸት ነው!» አለች። «ቤት ከሌላት ቅሬዋን በማን ቤት ስም ነው የምትይዘው? ሐጂ ይኸው ተቀምጠዋል፣ ይናገሩ። ቤት የሌላት ሴት ቅሬ አላት?»

አዳራሹ ጉምጉም አለ። ይህ ጥያቄ ከሕጉ ይልቅ ገባቸው። ሐጂ በትራቸውን ተደግፈው ተነሱ። ሐሰት እንደማይናገሩ ስለማውቅ የዚያን ጊዜ ጠላኋቸው።

«እኔ እንግዲህ የማውቀውን ነው የምናገር። በዚያ ቤት ስም 'አለን' የምትል እሷ ናት። ሌላ ሰው ሲል ወላሂ ሰምቼ አላውቅም።»

ሰብሳቢው አንገቱን ደፋ። «እንግዲህ ቲቸር...» ብሎ ጀመረና መጨረስ አቃተው። እስክሪብቶውን አነሳ። አዋላጇ ክንዴን ይዛ ትነቀንቀኛለች፤ «ይናገሩ እንጂ፣ እትዬ!» ምን ልናገር? ቤቱ የኔ አይደለም ብዬ በአፌ ልክድ? ያን ሁሉ ዘመን ያልካድኩትን? ልቀመጥም ልወጣም አልሆነልኝም። ቆምኩ።

«ጥሩ» አልኩ። ድምፄ የክፍል ውስጥ ድምፅ ሆኖ ነው የወጣው። «ቤቱ የኔ ነው ብላለች፤ ሁላችሁም ሰምታችኋል። ስሜን ሰርዘው። ቦታውንም ለልጇ ስጡት። ቁልፉን ግን እዚሁ፣ አሁን፣ ለሐጂ ታስረክብ።»

ከዚያ ያ የምሳ ቀልደኛ ከኋላ «ስጫት እንግዲህ!» አለ፣ ሳቁ ተነሳ። ሐጂ አልሳቁም። እጃቸውን ዘርግተው ጠበቁ። የባሌ እህት እጇ ወደ ቦርሳዋ ሄደ፤ ቁልፉ እዚያ ውስጥ እንደነበር እርግጠኛ ነኝ። ቦርሳውን ብብቷ ሥር አጠበቀችው።

«ተከራይ አለበት» አለች።

«ተከራዩ ለባለቤቷ ይከፍላል፤ ምን ቸገረሽ?» አለ አንዱ።

«ግቢው የአባቴ ነው!»

«አሁን የሷ ነው ብለሽ?»

«የአባቴ ነው! እሷ እዚያ ምንም የላትም! በእንግድነት ነው የኖረችው!»

ሰብሳቢው ቀና አለ። «ይቅርታ እናቴ፣ አንዱን ይበሉ። ቤት አላቸው ወይስ የላቸውም?»

«የላትም።»

«ጮክ ብለው፤ ኋላ ያሉት አልሰሙም።»

«የላትም አልኩ!»

ወደ ቀጣዩ ስም አለፈ።

አዋላጇ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፤ «አብሽሪ እትዬ፣ ድል ነው!» አንቱታውን ደስታ አስረስቷት። እኔ ግን «እንግድነት» የሚለው ቃል ጆሮዬ ላይ ቀረ። ያን ሕዝብ ሁሉ ምስክር አድርጌ በዚያ ቤት እንግዳ እንደነበርኩ አስነግሬ ነው ቦታዬን ያገኘሁት። «ቁልፉን ሰጥታሽ ቢሆን ኖሮስ?» የሚሉኝ አሉ። የአዳራሹ ሰው ብልሃት መስሎታል። እኔ ግን ቁልፉን ብትሰጥ የምር ልቀበል ነበር።

ከአዳራሹ ስንወጣ ሐጂ በር ላይ ጠበቁኝ።

«ተቀየምሽኝ» አሉ።

«ተቀይሜያለሁ፣ ሐጂ።»

«ሐቅሽ ነው። ስሚኝ፤ አንቺን ቅሬው አይጥልሽም። ቤትሽን ሥሪና በራስሽ ስም እንጠራሻለን። ያ ቤት ግን ከእንግዲህ የራሱን ሰው ያምጣ።»

እጣው ወጣ። የአዋላጇ ዶሮ ከእኔ ጎመን ርቃ በሌላው ጫፍ ደረሰች፤ ለእኔ ድንጋያማው ደረሰኝ። በተሰጠው ጊዜ ውስጥ ቤት ያልቆመበት ቦታ ይነጠቃልና ሥራውን ቶሎ ጀመርኩ። መንገዱ አንድ ሰሞን ይዘጋል፣ ሌላ ሰሞን ይከፈታል፤ ከደሴ የሚመጣ ሚስማርና ቆርቆሮ የሚጠበቀው እንደ ዝናብ ነበር። አናጺዬ ክርስቲያን፣ ግንበኛዬ ሙስሊም ናቸው። አናጺው በሚካኤል መጥረቢያ አያነሳም፣ ግንበኛው ዓርብ ጭቃ አይነካም። ማርያም ስትሆን ግንበኛውም «እሷንስ እኛም እንፈራታለን» ብሎ ይቀራል። ሳምንቱ እያጠረብኝ ሄደ። ከማዘጋጃ ቤት የሚላከው ተቆጣጣሪ እየመጣ አጥሩ ላይ ተደግፎ «ገና ነው?» ይላል። ከትምህርት ቤት ወጥቼ በቀጥታ ወደዚያ እሮጣለሁ፤ ዕረፍት የለኝም፣ ምሰሶዎቹን አንድ በአንድ እነቀንቃለሁ። ግንበኛው ይስቅብኛል፤ «እትዬ፣ እርስዎ ካልነቀነቁት ይቆማል!»

ቆመ። ቆርቆሮውም ለበሰ፣ ተቆጣጣሪውም አይቶ ሄደ። ልስኑን በጀመርንበት ሳምንት የባሌ እህት መጣች፤ ዳቦ በሰፌድ ይዛለች።

«እታለም፣ እንኳን ደስ አለዎት። እንዴት ያለ ቤት ነው!»

አንቱታው ተመልሷል። «ግቢ» አልኳት፤ «ተቀመጪ» አላልኳትም። በርጩማ ነበረ፤ ባልዲ አስቀመጥኩበት። ሰፌዱን የምታሳርፍበት አጥታ ይዛው ቆመች። ዙሪያውን አየች፣ ስለ ኑሮ ውድነት አወራች፣ በመጨረሻ የመጣችበትን ተናገረች። የወንድሟ ቤት በቅሬው ሲጠራ «አለን» የሚል ጠፍቷል። አንድ ጊዜ ደግሞ ከቀረ፣ ሐጂ ቤቱን ከቅሬው አወጣለሁ ብለዋል። የአባቷ ቤት ከቅሬ ወጣ ሊባል ነው። እሷ የራሷ ሰፈር ቅሬ አለባት፣ ሱቅ አለባት፣ ተከራዩ ደግሞ እንግዳ ሰው ነው።

«እንደ ቀድሞው እርስዎ ይያዙልን፤ ለእርስዎ ምን አላት?»

«በየትኛው ቤት ስም?» አልኳት።

«በቤታችን ነዋ።»

«የማን ቤት?»

ግድግዳውን አየች። አፏ ተከፈተ፤ ጠበቅሁ። አንዲት ቃል ብትለኝ ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር። በአዳራሽ ውስጥ፣ ልትነጥቀኝ ስትፈልግ፣ ያለ ጭንቅ ያለችው ቃል ነው። አሁን ግን እኔና እሷ ብቻ ነበርን።

«ልስኑ ያምራል» አለች።

ሰፌዱን መሬት ላይ አስቀምጣ ሄደች። ዳቦውን ለሠራተኞቹ ሰጠሁ።

ብዙም ሳይቆይ የድሮ ጎረቤቴ ሞተች፤ አጥር ለአጥር ሆነን እሳት እየተጫጫርን የኖርን ሴት ናት። ቀብሯ ላይ ሐጂ እንደ ልማዳቸው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ሆነው ጠበቁን፤ ስንወጣ ሕዝቡን አስቀምጠው መጥራት ጀመሩ። ቤቶቹ «አለን»፣ «አለን» እያሉ ያልፋሉ። ቅደም ተከተሉን በቃሌ ስለማውቀው ከባሌ ስም በፊት ያለው ሲጠራ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ። ተጠራ። ዝም አለ። ሰው ሁሉ በልማድ ወደ እኔ ዞረ። ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ የነጠላዬን ጫፍ ነክሼ መለስኩት። ሐጂ ደግመው ጠሩ። እኔን አላዩኝም፤ ከራሴ በላይ ያያሉ።

«አለን» የሚል ቀጭን ድምፅ ከሴቶቹ ጀርባ መጣ።

«አልሰማሁም!» አሉ ሐጂ።

«አለን!»

የባሌን እህት ዞሬ አላየኋትም። የእኔ ስም የተጠራው መጨረሻ ላይ ነው፤ አዲስ ገቢ ስለሆንኩ። የራሴ ስም ከሐጂ አፍ በቅሬ ላይ ሲወጣ እንግዳ ሰው የተጠራ መስሎኝ ዘገየሁ።

«ተኝተው ነው እንዴ፣ እትዬ?» አለችኝ አዋላጇ፣ በክርኗ ጎሸም አድርጋ።

«አለን» አልኩ። ብቻዬን ነኝ፤ ግን የሚባለው እንደዚያ ነው።

ስመለስ በገበያው በኩል ያለውን አቋራጭ ትቼ በዙሪያው መጣሁ። በሬን ከፈትኩ፣ ገባሁ፣ ነጠላዬን ሰቀልኩ። ከዚያ ተመልሼ ወጣሁና በሩን ዘግቼ ቁልፉን እንደገና ሞከርኩት። ይከፍታል።